ለአናጢው የተጾመ ጾም

ባሌ ማቴዎስ በቀን አንድ ምዕራፍ ሳያነብ ራት የማይቀምስ ሰው ነበር። የሚያነበውም እነዚያን ለትራስ የሚበቁ፣ ወደ አማርኛ የተተረጎሙ የጥንት የውጭ ልብ ወለዶች ነው። «መጽሐፉ የወፈረው ደመወዝህ ስለቀጠነ ነው» እያልኩ እቀልድበት ነበር። አንድ ቀን ካድሬዎች መጥተው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ከሚያስተምርበት ክፍል ወሰዱት። ከሆሳዕና ከተማ እስከ አዲስ አበባ ጠየቅን፤ የት እንዳለ የሚነግረን ጠፋ። ልማዱ እንኳ እንዳይቋረጥ ብዬ ጀምሮት የነበረውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ያዝኩት።

እናቱ እማማ ገነቴ አማርኛ እምብዛም አይገባቸውም። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ መዋያ አጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ እኔም እያነበብኩ በሀዲይኛ እነግራቸዋለሁ። ታሪኩ ያለ ጥፋቱ ስለታሰረ አንድ አናጢ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፍ ሲነበብ ሰምተው ስለማያውቁ፣ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ሁሉ ለሳቸው የኖረ ሰው ነው። አንድ ሐሙስ ቆጮ ሳቀርብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ዛሬ ለአናጢው እጾማለሁ» አሉኝ። «ጌታ ለሱ በሩን ከከፈተ ለልጄም ይከፍታል።»

ልጃቸው ከተወሰደ ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ለማቴዎስ ይጾሙ ነበር፤ አሁን ሐሙስ ደግሞ ለአናጢው ሆነ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። መጽሐፉ ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ፍርሃት ያዘኝ።

አናጢው እዚያው ወህኒ ቤት ሞተ። ልዋሽ ስል ፊቴ ቀደመኝ።

«ሞተ አይደል?» አሉ።

«እማማ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው!» አልኩ ተጣድፌ። «ደራሲው ከራሱ ያወጣው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።»

የማጽናናቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን መጽሐፉን አተኩረው አዩት።

«ለሌለ ሰው ያን ያህል ስጾም ጌታ ተይ አላለኝም» አሉ። «ታዲያ ማቴዎስስ መኖሩን በምን አውቃለሁ፣ ልጄ?»

ማክሰኞ ጾማቸውን ትተው ያቀረብኩላቸውን ቁርስ በሉ።

እኔ ጸሎት የተውኩት ማቴዎስን የወሰዱት ዕለት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ከግድግዳው ወዲያ የሳቸውን የጸሎት ድምፅ እየሰማሁ፣ ከቤቱ አንዳችን ከለመንን ይበቃል እያልኩ ነበር የምኖረው። አሁን ከወዲያም ድምፅ የለም። ለማቴዎስ የሚለምን ሰው አልቀረም።