የዓሣው ራስ የታላቅ ነው

ኑ እስቲ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። ነፋሱ ከባሕር እስኪነሣ እኔም የምሠራው የለኝ፣ እናንተም በዚህ ሙቀት የትም አትሄዱ። የምነግራችሁ ስለ ምግብ ነው። ስለ ምግብ ብቻ በሆነ ደስ ባለኝ።

በጅቡቲ ከተማ የት ምን እንደሚበላ ማወቅ የፈለገ ሰው "ዋበሪን ወይ ሮብሌን ጠይቅ" ይባል ነበር። ዋበሪ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ወደብ ላይ ጆንያ ስመዝን ኖርኩ። ሮብሌ ደግሞ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር፤ ከዚህ እስከ ድሬዳዋ ያለውን ጣቢያ ሁሉ በስሙ ሳይሆን በሚሸጥበት ምግብ ነው የሚያውቀው። ጓደኛ ያደረገን ሆዳችን ነው። አንድ ማለዳ ፉል ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ "ዘይቱ የትናንት ነው" ብለን ሳህኑን መለስነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አርባ ዓመት ያህል አልተለያየንም።

ዓርብ ዓርብ፣ ከሶላት በኋላ፣ ጫቱ ገብቶ ከተማው ሳይበተን፣ አብረን እንበላለን። አንዱን ዓርብ ቤት የምመርጠው እኔ ነኝ፣ የሚቀጥለውን እሱ። በጉልምስናችን ያልረገጥነው ምግብ ቤት አልነበረም። ጉልበታችን ሲደክም ግን ሁለት ቤት ብቻ ቀረን። የኔ ምርጫ የየመኑ ሰው የሳሊህ ዓሣ ቤት ነው። ሳሊህ ዓሣውን በጀርባው ሰንጥቆ ይዘረጋዋል፣ በርበሬውን ይቀባውና በብረት ሰክቶ ወደ ጉድጓዱ ምድጃ ይሰደዋል። ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲዘረጋ ቆዳው ከስሎ ሥጋው እንደ ወተት ነው። የሮብሌ ምርጫ ደግሞ የሐስና ቤት ነው፤ መጀመሪያ የፍየል ሾርባ፣ ቀጥሎ ሄልና ቅርንፉድ የገባበት ሩዝ፣ ከጎኑ ሙዝ።

የዓሣው ራስ የታላቅ ነው። በዚህ ማንም አይከራከርም። የኛ ክርክር ታላቁ ማነው የሚለው ነበር። ሁለታችንም የተወለድነው ከግመል ኋላ፣ ወረቀት በሌለበት አገር ነው። እኔ ጎህ ሲቀድ ስለተወለድኩ ዋበሪ ተባልኩ፤ እሱ ሲወለድ ስለዘነበ ሮብሌ አሉት።

"ጎህማ በየቀኑ ይቀዳል" ይለኝ ነበር። "ዝናብ ግን በኛ አገር ይቆጠራል። የኔ ልደት ይታወቃል ማለት ነው። ራሱን ወደዚህ።"

"ያ ዝናብ ሲዘንብ እኔ ግልገል ስጠብቅ ነበር" እለዋለሁ። "እናትህን ጥላ ሥር ያስገባኋት እኔ ነኝ።"

እንዲህ እየተባባልን ራሱን ለሁለት እንፈለቅቀዋለን፤ አንዱን ጉንጭ እሱ፣ አንዱን እኔ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ከአራት ዓመት በፊት ሮብሌን ብርቱ ትኩሳት ይዞት ሦስት ሳምንት ተኛ። ተነሥቶ የመጣ ዕለት ሐስና ቤት ሄድን። የዚያን ቀን ሐስና ሾርባው ላይ ጨው ረስታለች። የቀመሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ሮብሌ ግን ሳህኑን አንሥቶ እስከ ግማሽ ጠጣና አፉን ጠራርጎ፣ "ዛሬስ ሐስና እጇን ያዝ አላደረገችም፤ ማሻ አላህ" አለ።

ዓይኑን አየሁት። ቀልድ አልነበረበትም።

ወደ በሩ ዞር ሲል ከሱም ከኔም ሳህን ላይ ጨው ነስነስ አደረግሁ። ትኩሳቱ ምላሱን ገድሎበታል፤ ጨው ይቀምሳል ብዬ አይደለም። ያለ ጨው የሚበላ ሰው መሆኑን ሌላ እንዳያይበት ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ያ ሆነ። ገና አንድ ጉርሻ እንደጎረስኩ ጮክ ብዬ "ሄሉ ዛሬ በዝቷል" እላለሁ። እሱ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ "እኔም ልል ነበር" ይላል። "ዳጣው ላይ ነጭ ሽንኩርቱ አንሷል" እላለሁ። "እኔም ልል ነበር።" አራት ዓመት በኔ ምላስ በላ። እንዳወቅሁበት አያውቅም ብዬ ነበር የማምነው።

ታዲያ ያን ሁሉ ይዤ፣ አንድ ዓርብ ሳሊህ ቤት አፌን ከፈትኩት።

የጡረታ ወረቀቴን ለማሳደስ መታወቂያዬን ኪሴ ይዤ ነበር። ለኛ ለገጠር ልጆች መታወቂያ ሲሰጠን፣ ጸሐፊው ፊታችንን አይቶ ነው ዓመት የጻፈልን፤ ቀኑ ለሁላችንም ጃንዋሪ አንድ ነው። የሮብሌን አንድ ቀን ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ አይቼዋለሁ። ከኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። ዓሣው መጥቶ ሲዘረጋ፣

"እስቲ መታወቂያህን አውጣ" አልኩት።

"ምነው፣ ዓሣው ፖሊስ ነው?"

"አውጣ ብቻ። ይኸው የኔ፣ በሺ ዘጠኝ መቶ አርባ ስምንት የተወለደ ይላል። ያንተ ሃምሳ ነው። ታናሼ ነህ፤ ራሱን ወደዚህ።"

ከጎናችን ወደብ ላይ የማውቀው ባርካድ የሚሉት የክሬን ሠራተኛ ይበላል። "ሮብሌ፣ በቃ ተረታህ" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ ጫማውን ታቀብለዋለህ።"

"ጸሐፊው እኮ የጻፈው ፊት አይቶ ነው" አለ ሮብሌ። "የኔን አየና ሃምሳ አለ። የሱን ሲያይ ግን ደንገጥ ብሎ፣ አባቴ፣ ወደቡ ሲቆፈር ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቀው።"

ቤቱ ሣቀ። ሳሊህ እንኳ ብረቱን እንደያዘ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ሮብሌ ሣቅ ካገኘ አያቆምም፤ "ደግሞስ ራስ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። "ጉንጩን በምን ልታኝከው ነው? ጥርስህን ቤት ብርጭቆ ውስጥ ትተኸው መጥተህ።"

አሁንም ሣቁ። እውነቱን ነው፣ ጥርሴን ቤት ትቼው ነበር። እዚያ ላይ ደሜ ፈላ።

"እኔ ጥርስ ባይኖረኝ ምላስ አለኝ" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "አንተ ምላስህ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። እኔ ካልነገርኩህ ጨውና ስኳር አትለይም። ራሱን ምን ታደርገዋለህ? ወረቀቱን ብትበላ ያው አይደለም?"

ሣቁ ቆመ። ባርካድ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

ሮብሌ ተነሣ። ወደ መታጠቢያው ሄዶ እጁን ታጠበ፤ ሳሙናውን ሁለት ጊዜ አነሣ። ተመልሶ ግድግዳው ላይ ያስደገፈውን ብትሩን ያዘ።

"ራሱ ሳይቀዘቅዝ ብላው" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ወጣ። በሙዝና በማር የታሸው ቂጣችን ከኋላው መጣ፤ ማንም አልነካውም። ራሱን ግን በላሁት። በእልህ፣ ሁለቱንም ጉንጭ በላሁት።

በኛ ዘንድ ሁለት ሰው ሲጣላ ተነሥቶ የሚሄደው ታናሹ ነው። ጥፋቱ የታላቁም ቢሆን ታናሹ ይሄዳል፤ ታላቁ በበኩሉ የመጣለትን ሰው አስቀምጦ "ይቅር በለኝ" ይላል። አባቶቻችን ያበጁት በብልሃት ነው፤ አንዱ እግሩን፣ አንዱ አፉን እንዲያዋርድ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ገና በሩን ሳይሻገር አውቄዋለሁ። "ይቅር በለኝ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን መታወቂያ አውጥቼ በሰው ፊት ታላቅ ነኝ ብያለሁ። ታላቅ ከሆንኩ መጠበቅ አለብኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ፣ ተራው የሐስና ቤት ቢሆንም፣ ሳሊህ ቤት ሄጄ ጠበቅሁት።

"ለስንት ሰው?" አለኝ ሳሊህ።

"ለሁለት።"

አልመጣም። ግማሹን ድመቶች በሉት። በሌላው ዓርብም ሄድኩ። ባለቤቴ ኡባህ ቤት ስገባ፣ "ሮብሌ እንዴት ነው?" ስትለኝ፣ "ደህና ነው፤ እንደ ልማዱ ራሱን ቀማኝ" እላታለሁ። አርባ ዓመት አብሬው የበላሁትን ሰው አዋርጄ አባረርኩት ብዬ እንዴት ልንገራት? ስልክማ ነበረ። ግን በኛ ዕድሜ ያለ ሰው በስልክ አይታረቅም፤ እጅ ለእጅ አንድ ገበታ ላይ ካልገባ ዕርቅ አይባልም።

ስምንተኛው ዓርብ ላይ እግሬ አልቻለም። ገበታውን ትቼ ወደ ሐስና ቤት መንገድ ጀመርኩ። መስጊዱ ጥግ ስደርስ ባርካድ አገኘኝ።

"ታላቁ ወዴት ነው በዚህ ፀሐይ?" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ መጫወቱ ነው።

"ወደ ቤቴ" አልኩና ተመለስኩ። ከመስጊዱ እስከ ሐስና ቤት፣ አላህ ያሳያችሁ፣ ሲጋራ ተለኩሶ አያልቅም።

ከአሥራ አንደኛው ዓርብ በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የሮብሌ ልጅ ሂቦ ደወለች። ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ተነሥቶ ውዱእ ሊታጠብ ሲቀመጥ እዚያው ቀረ። ቀትር ሳይሆን ቀበርነው። አፈሩን እኔም ጣልኩ፤ ሦስት እፍኝ።

ለቅሶው ላይ ሂቦ መጥታ እጄን ሳመች።

"አጎቴ፣ አላህ ይስጥልኝ" አለችኝ። "እስከ መጨረሻው ዓርብ አልተዉትም።"

"ምን አልሽኝ ልጄ?"

"ጉልበቱ ታሞ እንኳ ልንከለክለው አልቻልንም። 'ዋበሪ ይጠብቀኛል' እያለ ይወጣ ነበር። ማታ ምን በላችሁ ስንለው ሁሉን ይነግረናል። ሄሉ በዝቶ ነበር፣ ዋበሪም እንደዚያው አለ ይለናል።"

እኔ ለኡባህ የዋሸሁትን ውሸት፣ እሱ ለልጁ ሲዋሽ ኖሯል። ስለዚህ ነው ከቤተሰባችን አንድም ሰው መሐላችን ያልገባው።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሐስና ቤት ሄድኩ። ሐስና ባሏ የሞተባት፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት፤ ደንበኛ ሲዘገይ ትሳደባለች። እኔን ስታይ አልተሳደበችም። ጭልፋዋን አስቀመጠች።

"አጎቴ ዋበሪ፣ ዘገዩ" አለችኝ።

ግድግዳው ሥር ያለችው ገበታ ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ሁለት ሳህን ሾርባ አምጥታ አንዱን ከፊቴ፣ አንዱን ከባዶው ወንበር ፊት አኖረች።

"አሥራ አንድ ዓርብ እዚች ላይ ተቀመጠ" አለች። "ሁለት ያዝዛል። ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ 'የተያዘ ነው' ይላል። እኔ ልጅ ልኬ ላስጠራዎት ብለው 'ተዪ፣ ታናሼ ነው፣ ራሱ ይመጣል' አለኝ። እርስዎስ የት ነበሩ?"

"ሳሊህ ቤት" አልኳት። "ታናሼ ነው፣ ይመጣል ብዬ።"

ሐስና ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

ሾርባውን ቀመስኩ። ጨው አልነበረውም።

"ረስቼ አይደለም" አለች፣ ሳልጠይቃት። "የመጀመሪያው ዓርብ ጨው ይዤ ስመጣ እጄን ያዘኝ። 'ተዪው፣ ጨው የዋበሪ ሥራ ነው' አለኝ። 'አራት ዓመት ሙሉ ዞር ስል ይጨምርልኛል። የማላየው ይመስለዋል። ሲመጣ ሥራ አይፈታ።' ከዚያ ወዲህ ያለ ጨው ነው የማቀርብለት።"

ያውቅ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር፤ እኔ እንዳላፍር ብሎ ዞር ይልልኝ ነበር።

ጨው አነሣሁና ነሰነስኩ፤ መጀመሪያ በሱ ሳህን ላይ፣ ቀጥሎ በኔ። በዛብኝ። ሩዙ ሲመጣ አንድ ጎረስኩ።

"ሄሉ ዛሬ በዝቷል" አልኩ።

ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፤ የሳህን ድምፅ፣ የሰው ጨዋታ። "እኔም ልል ነበር" ያለ ግን የለም።

ልጆቼ፣ ማናችን ታላቅ እንደነበርን ዛሬም አላውቅም። አሁን የሱ ዕድሜ ቆሟል፣ የኔ ይጨምራል፤ በየዓመቱ ታላቁ እየሆንኩ ነው፤ ራሱንም የሚሻማኝ የለም። ሳሊህ ከነጉንጩ ያቀርብልኛል፤ አንዱን ጉንጭ ሁልጊዜ እተወዋለሁ።

ከወዳጃችሁ የተጣላችሁ ዕለት ታላቁ ማነው ብላችሁ አትቁጠሩ፤ እሱም እንደናንተው ሁለት አዝዞ ተቀምጦ ይሆናል። እኔን ብትረሱኝ ግድ የለም። ሮብሌን ግን፣ ሾርባ ቀርቦላችሁ ጨው ስታነሡ፣ ለአንድ አፍታ አስታውሱልኝ።