ለራሷ እንኳ የማትበቃ ላፕቶፕ

ከዚህ በታች ካለው ውስጥ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። ቀንሼ ይሆናል እንጂ አልጨመርኩም፤ የቀነስኩትም ሙሉውን ብናገር ልባችሁ አይችለውም ብዬ ነው።

የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ «ኢንጂነር» ነው የሚለኝ። ስሙን እኔ አላወጣሁትም፤ የረሱ ሰዎችን አንዳንዴ አስታውሳቸው ይሆናል እንጂ። ኮፒ ማሽን ሲታመም በድምፁ አውቀዋለሁ። ወረቀት አኝኮ እንቢ ሲል ፊቱ ቆሜ ትክ ብዬ ካየሁት አፍሮ ይተፋዋል። ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር እዚህ ሰፈር መጀመሪያ ያስገባሁትም እኔ ነኝ፤ ከኔ በፊት ሰዉ ቁልፍ የሚያውቀው የበር ብቻ ነበር።

እና አንድ ቀን ከሰዓት የእህቴ ባል ሱቄ ከተፍ አለ። በብብቱ ስስ ካርቶን ሸጉጧል። ደረቱ ከሱ ቀድሞ ነው የገባው።

«ኢንጂነር፣ ለልጄ ላፕቶፕ ገዛሁላት!»

«እሰይ። የት አለ?»

«ይኸው እንጂ!»

«እኔ ደግሞ ሸሚዝ መስሎኝ» አልኩት።

ልጅቷን ማወቅ አለባችሁ። የእህቴ ልጅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ቤት ስትገባ እግሯ ጫማ ውስጥ አልመለስም ይላል። ታዲያ አንድ ቢሮ የስብሰባ ድምፅ እየሰማ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው ይፈልጋል፤ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ! ፈተናው ደግሞ ይህ ነው፦ የአንድ ረጅም ስብሰባ የድምፅ ቅጂ ላኩላት፤ ሰኞ ጠዋት ጽፋ ካስረከበች ትቀጠራለች፤ ካላስረከበች ወደዚያው ወደ መቆሟ። የልጅቷ ተስፋ በሙሉ እዚያች ካርቶን ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ካርቶኑን ከፈትኩት። ምን ልበላችሁ! ክዳኗ ጣት ሲያርፍበት ይጎብጣል። ቁልፎቿ የሽማግሌ ጥርስ ናቸው፤ አንዱን ስትነካው ጎረቤቱም ይነቃነቃል።

«ፋይል መያዣ ሜሞሪዋ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሁለት ጂቢ!» አለኝ ኮራ ብሎ።

«የእኔ ስልክ እንኳ ይበልጣታል እኮ፣ ሰውዬ!»

«ዋጋዋ ግን ቅናሽ አለው።»

«ቅናሽማ አለው። የቀነሱት ግን ከላፕቶፕነቷ ላይ ነው።»

ከዚያች ሠላሳ ሁለት ውስጥ አብዛኛውን ገና ከፋብሪካ ሳትወጣ የራሷ ጓዝ ይዞታል። ቤት ተከራይታችሁ ስትገቡ አከራይዋ አልጋዋን፣ ቁም ሳጥኗን፣ የባሏን አሮጌ ጫማ ሁሉ ደርድራ «ይኸው ቤቱ፣ እንደ ልባችሁ ሁኑ» ብትላችሁ ይህንኑ ማለት ነው። ደግሞ ላፕቶፗ ታፍራለች እንዳትሉ! አፕዴት ካላደረግሽኝ እያለች በየደቂቃው ትነዘንዛለች፤ እሺ ሲሏት ደግሞ ቦታ የለኝም። ራሷ ጋብዛ ራሷ በር የምትዘጋ ጉድ!

ብድግ ብዬ ወደ ሸጠላቸው ሱቅ ሄድኩ። መንገዱ ሲያየኝ ተከፈተልኝ። ሻጩ ጸጉሩን በቅባት አብረቅርቆ ተቀምጧል።

«ጋሽዬ፣ ለጽሑፍ ሥራ በቂ ናት» አለኝ።

«የምን ጽሑፍ? የመቃብር ድንጋይ ላይ ለሚጻፈው ከሆነ ልክ ነህ፤ እሱ አጭር ነው።»

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው በሳቅ ወለሉ ላይ ተነጠፈ። ሻጩ ከዚያ ቀን ወዲህ ላፕቶፕ ሲያይ እንደሚያልበው ሰምቻለሁ፤ አሁን ፕላስቲክ ባልዲ ነው የሚሸጠው አሉ። ባልዲ ቢያንስ የሚይዘውን አይዋሽም።

ይሁን ብዬ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ላፕቶፗን ትንሽ አየሁላት። ማየት ብቻ ነው! ዓርብ ጠዋት ልጅቷ እያለከለከች ሱቄ ገባች።

«ጋሼ፣ ቅጂው የለም! የስብሰባው ድምፅ ጠፋ!»

«ዋጠችዋ!» አልኩ። «ቦታ ጠበባት፣ የሰው እንጀራ ዋጠች! አላልኩም?»

«ሰኞ እኮ ማስረከቢያዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ እያለሁ?»

አሁን ልብ በሉ። ሱቄ ውስጥ «ዝሆኑ» የምለው ዴስክቶፕ አለኝ። ሲበራ የሰፈሩ መብራት ደብዘዝ ይላል። የአንድ አገር መዝገብ ቤት ቢገለበጥበት «ሌላስ?» ብሎ ይጠይቃል። እሱን በትከሻዬ፣ ስክሪኑን በብብቴ ይዤ የእህቴን ቤት ደረጃ ወጣሁት። አሳንሰር? አሳንሰሩ ዝሆኑን ሲያይ ቆመ። ጎረቤቶች በራቸውን እየከፈቱ አጨበጨቡልኝ፤ አንዷማ አለቀሰች።

ያቺን ሚጢጢ ላፕቶፕ ከዝሆኑ ጋር በገመድ አገናኘሁና የዋጠችውን ቅጂ ከአንጀቷ ጎልጉዬ አወጣሁት። ሲወጣ ድምፁ ከበፊቱ ጠርቶ ነበር፤ የሰብሳቢው ሳል ሳይቀር ይሰማል። ልጅቷ ዝሆኑ ላይ ቁጭ ብላ ጻፈች፣ ጻፈች። እኔ አጠገቧ ሆኜ ነጥቡንና ሰረዙን ነገርኳት።

ሰኞ አብሬያት ሄድኩ። ኃላፊው ሪዛም ሰውዬ ነው፤ ጽሑፉን ሲያነብ ሪዙ ራሱ ተገረመ። «ከዚህ ሥራ ጀርባ ማን አለ?» አለ ብድግ ብሎ። ልጅቷ ወደኔ ጠቆመች። እሷን ወዲያው ቀጠራት፤ እኔን ደግሞ የክፍሉ ዋና እንድሆንለት እጄን ይዞ ለመነኝ። የኮፒ ማሽኖቼ አባት የሌላቸው ይሆናሉ ብዬ እንቢ አልኩ።

ትናንት አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሱቄ መጥተው «ልጄ፣ የሕይወት ታሪኬን ልጽፍባት አነስ ያለች ርካሽ ላፕቶፕ አይቻለሁ፤ ልግዛት?» ሲሉኝ ይህንኑ ታሪክ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣» ብዬ ደመደምኩ፣ «እንዲህ ያለውን ዕቃ ከመግዛት በር ማስቆሚያ ድንጋይ መልቀም ይሻላል። ድንጋይ ቢያንስ አፕዴት አይጠይቅም። ካላመኑኝ የእህቴ ልጅ ይችውና፣ ይጠይቋት!»

ልጅቷ ለቢሮዋ ኮፒ ልታስደርግ መጥታ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። አስተማሪዋ መነጽራቸውን ወደሷ አዞሩ።

«እውነት ነው፣ ልጄ?»

ልጅቷ የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ላፕቶፗን መርጦ የገዛልኝ ጋሼ ራሱ ነው፣ እትዬ። አባቴ ያን ሱቅ አያውቀውም። ቅጂውም ሐሙስ ጋሼ ‹ላጽዳልሽ› ብሎ ሲነካካ ነው የጠፋው። ዓርብ ቢሮው ደወልኩ፣ መልሰው ላኩልኝ። ዝሆኑ ከዚህ ንቅንቅ አላለም፤ ከተበላሸ ቆይቷል። ኃላፊያችን ደግሞ ሴት ናቸው።»

«እና በምን ጻፍሽው ታዲያ?»

«በሷው በላፕቶፗ። ጽሑፍ ምን ያህል ቦታ ይፈጃል ብለው ነው? አሁንም የምሠራው በሷ ነው።»