ምዕራፍ አራት

ዳይሬክተሩ ቢሮ ጠርተው የአንዲት ተማሪዬ አባት መልቀቂያ መጠየቃቸውን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። ልጅቷ ቤተሰቦቿ ከሌላ አገር የመጡ፣ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ጠቆር ያለች፣ አነጋገሯም ለየት የሚል ናት። አንዱ ባለጌ ሰድቧት ነው አልኩ በልቤ። ያውም በእኔ ክፍል፣ ስለ ሰው እኩልነት በማስተማር የተሰጠኝን ምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብቼ ከሰሌዳው በላይ በሰቀልኩበት ክፍል። ዳይሬክተሩን ለጊዜው እንዳይፈርሙ ለምኜ፣ ጥፋተኛውን ጆሮውን ይዤ እንደማመጣላቸው ፎክሬ ወጣሁ።

ልጅቷ በዚያ ቀን ቀርታ ነበር። ልጆቹን በሙሉ አስነስቼ ማን እንደሰደባት ጠየቅኩ። ረባሽ የሚመዘግበው የክፍሉ አለቃ እጁን አወጣና ማንም እንዳልሰደባት ማለልኝ፤ ምዕራፍ አራት እያሉ ይጠሯታል እንጂ ሌላ ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሥነ ዜጋ መጽሐፉ ላይ ስለ እኩልነት የሚያወራው ምዕራፍ አራት ነው፣ ቲቸር። እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ እሷን ነዋ የሚያስነሷት» አለ፣ ምንም ክፋት ሳይኖረው።

አስቀመጥኳቸውና ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ መጥረግ ጀመርኩ፤ ሰሌዳው ላይ ግን ምንም አልተጻፈም ነበር። ልጁ እውነቱን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሦስተኛው ረድፍ አንስቼ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ። ክንዷን ከክንዴ አጠገብ አድርጌ «ቆዳችን ቢለያይም ሰውነታችን አንድ ነው» እያልኩ ለክፍሉ አሳይቻለሁ፤ እጅጌዋንም የጠቀለልኩት ራሴ ነኝ። ሰው መንገድ ላይ እንዴት እንደሚያያት እንድትናገር አስነስቻት፣ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ትምህርቱ ገባቸው ብዬ ደስ ብሎኛል።

ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። አባትየው የግድግዳ ልስን ሠራተኛ ናቸው፤ ሲሚንቶው ከእጃቸው ሳይለቅ ነው የተቀበሉኝ። ከቤቱ ሻል ያለችውን ወንበር ጠርገው ሰጡኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ልጃቸው ስለምጨነቅ አመሰገኑኝ። ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩና እንዳትሄድብኝ ምን ላድርግልሽ አልኳት።

አባቷን ቀና ብላ አየች። «ንገሪያቸው እንጂ» አሏት።

«ሒሳብ ላይ እጄን አወጣለሁ፤ አያዩኝም» አለች። «ነገ ሒሳብ ይጠይቁኝ። ስለ እኔ ግን ምንም አይናገሩ።»

ይኸው ነው የጠየቀችኝ። ቃል ገባሁላት። አባትየውም ነገን ሳያዩ መልቀቂያውን እንደማይወስዱ ነገሩኝ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። የክፍልፋይ መደመር ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ስል እጇ ከሁሉ ቀድሞ ወጥቷል። ስሟን ጠርቼ ጠመኔውን መስጠት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ከትናንት ጀምሮ ሲበላኝ የነበረው ሀፍረት አላስቻለኝም፤ ቶሎ ከላዬ እንዲወርድልኝ ፈለግኩ።

«ልጆች፣ ከሁሉ በፊት ይቅርታ የምጠይቃት ልጅ አለች» ብዬ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ። ስለ ክንዷ ተናገርኩ፣ ስለ ቅጽል ስሟ ተናገርኩ፣ እንባዬም መጣ። የልጆቹ ራስ በሙሉ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረ። እጇ ቀስ እያለ ወረደ። አለቃው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። መናገሩ ራሱ ያሳፍረኛል፣ ጭብጨባው ደስ አለኝ።

ሒሳቡ ትዝ ያለኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጠራኋት፤ ወጥታ ሠራችው፣ በትክክል። ክፍሉ እንደገና አጨበጨበላት። ሁለት ክፍልፋይ ለደመረ ልጅ እኛ ክፍል ተጨብጭቦ አያውቅም። ጠመኔውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ቦታዋ ተመለሰች፤ እስከ መጨረሻው ደወል እጇን አላወጣችም።

አባትየው በነጋታው ጠዋት መጥተው ቅጹን ሞልተው ሄዱ። ዳይሬክተሩ አስጠሩኝና የመልቀቂያ ምክንያት በሚለው ክፍት ቦታ ላይ የጻፉትን በጣታቸው አሳዩኝ። «ልጄ ተማሪ እንድትሆን» ይላል።

«እኛ ጋ ተማሪ አልነበረችም እንዴ?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

«አልነበረችም» አልኳቸውና የክፍል ኃላፊ ከሚለው ጎን ፈረምኩ።