ሦስት እፍኝ አሸዋ

የብሩኖ ቡጢ አፉ ላይ ሲያርፍበት ዶናትስ ተንገዳግዶ ክፍት በሆነው የሬሳ ሣጥን ላይ ተደፋ። የከንፈሩ ደም የሟቹን የቪሊስን ነጭ ሸሚዝ አበላሸው። ሁለቱም ሰባን የዘለሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወይ አለማፈር!

"ኧረ ስለ እግዚአብሔር! አባቴ ገና አልተቀበረም!" የሟቹ ልጅ ሚርድዛ መሀላቸው ገባች። አስከሬኑ ባረፈበት አዳራሽ በሚያህል ጎተራ ውስጥ የለቅሶ አተርና ቢራ የያዙት ለቀስተኞች ድርቅ ብለው ቀሩ።

ጠቡን ያመጣው አንድ ወረቀት ነው። ብሩኖ በወጣትነቱ፣ በዓለም ጦርነቱ፣ ከቪሊስ ጋር የጀርመንን መለዮ ለብሶ የተዋጋ ጓዱ ነበርና ነገ መቃብር ላይ የሚያነበውን ጽፎ መጣ፦ "ተገዶ የዘመተ፣ እጁ ንጹሕ ወታደር።" ሚርድዛ ሰምታ በደስታ አልቅሳ ነበር። በሩሲያ ቀይ ጦር የተዋጋው የእናቷ ወንድም ዶናትስ ግን ወረቀቱን ነጥቆ ቦጫጨቀው።

"የሩሲያ አሽከር!" አለ ብሩኖ። "አልዘምትም ያለ ይረሸን አልነበር?"

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ እኔም መንደር አቃጥያለሁ" አለ ዶናትስ። " የዘመቻው ጥሪ ግን የመጣው ጀርመን ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በገባበት በጋ ማን አስገደደው? በፈቃዱ የጀርመን ረዳት ፖሊሶችን ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ሄደ!"

"ዝም በል አልኩህ!"

"አይሁዶቹን ባሕሩ ዳር ሲረሽኗቸው ቪሊስ አካፋ ይዞ አሸዋ ይመልስባቸው ነበር። አንዲት ሴት አልሞተችም። ከሥር እጇን አውጥታ እግሩን ጨመደደችው። በአካፋው ስለት ጣቶቿ እስኪላቀቁ መታት፤ ከዚያ ጉድጓዱን ሞላው። እህቴ የተቀበረች ማታ ሰክሮ ነገረኝ።"

ሚርድዛ ወደ ብሩኖ ዞረች። "ውሸት ነው በሉኝ እንጂ!"

ብሩኖ መሬት መሬቱን አየ። "ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ባንቺ ፊት ግን እንዴት ይነገራል?"

የእናቷ ቀብር ትዝ አላት። በአገራቸው ልማድ ቀባሪ ሁሉ ሣጥኑ ላይ ሦስት እፍኝ አሸዋ ይበትናል። አባቷ ግን ሁለት እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። "እፍኝ አሸዋ ነፈግካት! አንተ ጨካኝ!" ብላ ሰው ፊት ደረቱን ደበደበችው። "አልችልም ልጄ" ብቻ ነበር መልሱ። አራት ዓመት ሙሉ ዘጋችው።

በማግስቱ ሣጥኑ ጉድጓድ ገባ። ብሩኖ ባርኔጣውን አውልቆ ጠጋ አላት። "ምን ልበል እንግዲህ?"

"ስሙን ብቻ ይጥሩት።"

"ቪሊስ" አለ ብሩኖ። ከዚያ ከጉድጓዱ ራቅ አለ።

ሚርድዛ ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ በተነች። አባቷ ነው። ሁለተኛውን ስትበትን ሣጥኑ ላይ ሿ አለ። ሦስተኛውን ዘገነች፤ ጣቶቿ ግን አልከፈት አሉ። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃታል።

እጇን ከነአሸዋው ኮት ኪሷ ውስጥ ከተተችና ቆመች።