እቴጌ መጥረጊያና የሊፍቱ አዛዥ

በ2004 ዓ.ም. ጅዳ፣ በግዳዲያ በሚባል ሰፈር፣ የአንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ሐሪስ ነበርኩ። ሐሪስ ማለት ዘበኛ ነው። በር እከፍታለሁ፣ መኪና አጥባለሁ፣ ከየፎቁ የቆሻሻ ባልዲ አወርዳለሁ። ባዶውን አጥቤ ወደየበሩ እመልሳለሁ። ክፍሌ ከደረጃው ሥር ነበረች።

አራተኛ ፎቅ ሀሰና የምትባል የወሎ ልጅ ትሠራ ነበር። በሩ ስለሚቆለፍባት አትወጣም። ከሰዓት በኋላ ባልዲዋን አውጥታ ታስቀምጣለች፤ በሩ መልሶ ይዘጋል። ከባልዲው ሥር በሊጥ የተለጠፈ ወረቀት ይኖራል። ወረቀቱን አንሥቼ መልሱን በዚያው ቦታ እለጥፋለሁ። እንዲህ ሰባት ወር ተጻጻፍን።

ጨዋታውን ያመጣችው እሷ ናት። የቤቱ ልጆች በኮምፒውተር ሲጫወቱ አቧራ እየጠረገች ታያለች፤ ካባ የለበሱ ሽማግሌዎች ድግምት እየወረወሩ ይዋጋሉ። «ወንድም ቶማስ፣ እኛም በወረቀት እንጫወት» ብላ ጻፈች። ስሜን የነገራት የማዳም፣ የአሠሪዋ፣ ሾፌር ዛኪር ነው። እሷ እቴጌ መጥረጊያ ሆነች፤ እኔን የሊፍቱ አዛዥ አለችኝ። ሊፍቱ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም ነበር።

ሕጉ ቀላል ነው። አንዳችን ድግምት ፈጥረን እንጽፋለን። ከዚያ እኔ ከካርታዬ አንድ እስባለሁ። ከስድስት በታች ከወጣ ድግምቱ ይከሽፋል፤ እንዴት እንደከሸፈ ሌላኛው ይጽፋል። ከስድስት ጀምሮ ከሆነ ይሠራል። ጆከር ከወጣ ካሰብነውም በላይ ይሠራል።

የመጀመሪያው ድግምቷ የቆሸሹ ሳህኖች በራሳቸው ተነሥተው እንዲታጠቡ የሚያደርግ ነበር። ሁለት ወጣባት። ሳህኖቹ ተነሡ፤ ነገር ግን ወደ መታጠቢያው በመሄድ ፈንታ በደረጃ ወርደው አል-ባላድ ገበያ ገቡና ራሳቸውን ሸጡ ብዬ ጻፍኩላት። ማዳም በማግስቱ እነዚያኑ ሳህኖች ገዝታ ተመለሰች።

እኔ በበኩሌ ክፍሌን ለማቀዝቀዝ የደብረ ብርሃንን ብርድ ጠራሁ። ሦስት ወጣብኝ። «ብርዱ መጥቶ ነበር» አለች፤ «ግን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌለው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይዘው መለሱት። ሻንጣው ብቻ ደርሷል፤ ውስጡ አንድ እግር ካልሲ አለ።»

ጆከር አንድ ጊዜ ወጥቶላታል። ድግምቱ ሩብ ሰዓት የሚያስተኛ ነበር። ጅዳ በሙሉ ሦስት ቀን ተኛች ብዬ ጻፍኩ፤ መኪናዎቹ፣ ባሕሩ፣ የማዳም ደወል ሁሉም ተኙ። መልሷ ላይ «እኔም ተኛሁ» የሚል ብቻ ነበረበት።

ስሕተቱ የእኔ ነው። አንድ ቀን የማጥባቸው ስድስት መኪናዎች ነበሩ። ወረቀቱን ሳላነሣ የባልዲውን ውስጡን ብቻ አጥቤ መለስኩት። ማዳም አነሣችው።

በኢንተርፎን ጠራችኝ። ስወጣ ወረቀቱን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሀሰና ከማድ ቤቱ መግቢያ ላይ ነበረች፤ ፊቷን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከጠበቅኩት ታጥራለች።

«ይህ ሲሕር ነው» አለች ማዳም። «ፖሊስ ልጠራ ነው። ከዚያ በፊት ግን ምን እንደሚል አንብብ።»

ሲሕር ጥንቆላ ነው። በዚያ አገር በዚህ ቃል የታሰሩ፣ ከዚያም የከፋ የደረሰባቸው ሴቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ደወል የማስረሳት ድግምት። አንድ ማንኪያ ዝምታ፣ ሦስት የሽንኩርት ቅርፊት፣ እንደ ከዋክብት የበዛ ጥቁር አዝሙድ። ማዳም እጇን ስትዘረጋ ደወሉ ቴምር ይሁን።» ከታች ክብ ሥላለች፤ ክቡ ስምንት ቦታ ተከፍሏል።

«ዳቦ ነው» አልኩ።

«ዳቦ?»

«የዳቦ አሠራር ነው፣ ማዳም። ዱቄት ሦስት ኩባያ። ሽንኩርት ይጠበሳል። ቴምር ይፈጫል። ጥቁር አዝሙድ ከላይ ይነሰነሳል። በዛኪር በኩል ጠይቄያት ነው፤ ክፍሌ ውስጥ ልጋግር ብዬ።»

«ክቡስ?»

«ዳቦው ነው። ስምንት ቦታ ይቆረጣል።»

ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፤ መልሳም ሰጠችኝ። «እንደገና አንብብ» አለች።

ሦስት ኩባያ፣ ሽንኩርት፣ ቴምር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ስምንት ቁራጭ። ማዳም በጣቷ ትቆጥር ነበር። አንድም አላጎደልኩም።

«ትጋግረው» አለች። «አሁን። አንተም ከዚህ አትሄድም።»

ሀሰና ዱቄት አወጣች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ዳቦ አይታ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። ሊጡ እስኪነሣ አርባ ደቂቃ ቆምን። ቴምሩን ስትፈጭ ቀና ሳትል በአማርኛ «ካርታው ስንት ወጣ?» አለችኝ።

«አልሳብኩም።»

«በአረብኛ ተናገሩ» አለች ማዳም።

ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ አንዱ ጎኑ ጠቁሯል። ማዳም ስምንት ቦታ ቆረጠችና «መጀመሪያ እናንተ ብሉ» አለች። አንድ አንድ ቁራጭ ወሰድን። ጎን ለጎን ቆመን በላን። ጣዕም አልተሰማኝም። ማዳም ሁለታችንንም ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ትንሽ ቆርሳ ቀመሰች። አንዱን ቁራጭ ጨረሰች። ሁለተኛውን አነሣች። የቀሩትን አራት በወረቀት ጠቅልላ መካ ለምትኖረው እናቷ ይድረስ ብላ ለዛኪር ሰጠችው። «ኻላስ፣ በቃ፣ ሂድ» አለችኝ።

ያን ቀን ያጠራቀምኳቸውን ወረቀቶች በሙሉ የመኪና ማጠቢያው ውኃ ውስጥ ነከርኳቸው፤ ቀለማቸው እስኪለቅ ጠበቅኩ። ከባልዲው ሥር ከዚያ በኋላ ምንም አልተለጠፈም።

በሳምንቱ ዛኪር ሊያናግረኝ ወረደ። «የማዳም እናት ዳቦዋን ወደዱት» አለ። «ልጅቷን አምጡልኝ፣ እዚሁ መካ ትሥራልኝ አሉ። ሌላ ሠራተኛ ለዚህ ቤት ይመጣል።»

«መቼ ነው?»

«ነገ። አንተ ቶሚ፣ እንዲህ ዳቦ ጋጋሪ መሆንህን ለምን ደበቅከን?»

ባልዲዬን አንሥቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። እሱም ተወው።

በማግስቱ ጠዋት ሀሰና ከዛኪር መኪና የኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ላይ አንድ ፌስታል ነበር። የግቢውን በር ከፈትኩላቸው። ራሷን ዝቅ አደረገች፤ እኔም ዝቅ አደረግኩ። የእኔ ኢቃማ ክርስቲያን ይላል፤ ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ላይ ከኬላው አልፌ መሄድ አልችልም። ስለዚህ በሩን ዘጋሁ።

ዛኪር ከሁለት ሳምንት በኋላ መካ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ወሬ አመጣ።

«ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ካዕባን አየች። ሦስት ዓመት ሙሉ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ተቀምጣ ሳታይ ቀርታ ነበር እኮ። አሮጊቷ ደወል የላቸውም።»

«እንዴት ነው የሚጠሯት?»

«ያጨበጭባሉ።» የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አንኳኳ። «ደግሞ በየቀኑ ያንኑ ዳቦ ነው የምትጋግረው። አሮጊቷ ስሙ ማን ይባላል ብለው ያስጨንቋታል፤ ለእንግዳ የሚነግሩት አጥተዋል። አዛዡን ጠይቅልኝ ብላለች። አዛዡ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የምን አዛዥ?»

መኪናው ላይ የቀረውን አረፋ አጥቤ ጨረስኩ። ለዳቦው ስም ፈለግኩ። ምንም አልመጣልኝም።

«እሷ ታውጣለት በላት» አልኩት።

«ይሄን ላደርስ ነው መካ ድረስ የምሄደው?»

«ቤንዚኑ የማዳም ነው» አልኩት። እሱ ሳቀና ሞተሩን አስነሣ። እኔ በሩን ልከፍትለት ሄድኩ።