የአያ ነጋ ቆዳ

የዓለምወርቅ የአያ ነጋን ቆዳ ያገኘችው ከተቆረጠ እግራቸው ነበር። ከዳባት ወዲያ ካለ መንደር በቃሬዛ ጎንደር ሲደርሱ ፈንገሱ ግራ እግራቸውን እስከ አጥንቱ ዘልቆት ስለነበር፣ ሐኪሙ ከጉልበት በታች ከመቁረጥ በቀር መላ አላገኘም። እሷ ምሥራቅ ጀርመን ተምራ መጥታ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የምትሠራ ባለሙያ ነበረች። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አልጋቸው ድረስ ሄዳ፣ ከሚቆረጠው እግር ጤነኛውን ቆዳ እንዲሰጧት ለመነቻቸው።

«ምነው ልጄ፣ ቆዳዬ ምን ይሠራልሻል?»

«በመስታወት ሳህን ላይ እየመገብኩ በሕይወት አቆየዋለሁ፣ አያ ነጋ። ፈንገስ እዘራበትና አዲስ መድኃኒት እሞክርበታለሁ። መድኃኒቱ ክፉ ከሆነ ሰው ሳይቃጠል ቆዳው ይነግረኛል።»

ሽማግሌው የታመመ እግራቸውን ዳበስ አደረጉ። «ሸጋ ነው። አፈር ከሚበላው አንቺ ውሰጂው» አሉ።

ያን ሰሞን አገሩ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሽር ጉድ ይል ነበር። ከወዳጅ አገር መጣ የተባለ የፈንገስ ቅባት በካርቶን ካርቶን ገብቷል፤ የሆስፒታሉ ካድሬ ጓድ ደመቀም ለበዓሉ የሚያወራው ድል ቸግሮታል። የዓለምወርቅ ቅባቱን በቆዳው ላይ ሞከረችው። ፈንገሱ ሞተ፤ ቆዳውም አብሮ ሞተ። ጠቁሮ፣ በወረንጦ ስትነካው ተፈረፈረ። ፈንገስ ያልነካው ቁራጭ እንኳ አልተረፈም። ደግማ ሞከረችው፤ ያው ነው።

ሳህኖቹን ይዛ ካድሬው ቢሮ ገባች።

«ጓድ ደመቀ፣ ይህ ቅባት ሰው ላይ እንዳይደርስ።»

«ከሬሳ የተቆረሰ ቆዳ ነው ምስክርሽ?»

«ሬሳ አይደለም። ሕይወት ነበረው፤ የገደለው ቅባቱ ነው።»

«ይህ የንዑስ ከበርቴ ፍርሃት ነው» አላትና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። የዓለምወርቅ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ከሕሙማን ክፍል ግርግር ሰምታ ሮጠች። ካድሬው ለበዓሉ ፎቶ አንሺ አስከትሎ አያ ነጋ አልጋ አጠገብ ቆሟል። በቀረው እግራቸው ጣቶች መካከል ሌላ ፈንገስ ጀማምሯቸው ነበር፤ ነርሷ እናኑ የቅባቱን ቆርቆሮ ልትከፍት ነው። የዓለምወርቅ ደሟ ፈላ። ያ በሳህን ላይ ከስሎ ያየችው ቆዳ እኮ የእኚሁ ሰው ነው!

ቆርቆሮውን ከእናኑ እጅ መነጨቀችው።

«አንተ!» አለችው ካድሬውን። እሱን «አንተ» ብሎ የደፈረ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም። «እጅጌህን ሰብስብ! መጀመሪያ ያንተ ክንድ ይቀባ!»

«እኔ… እኔ መች ታመምኩና?»

«ቅባቱ የታመመ አይመርጥም! ጤነኛውንም ያቃጥላል ብዬ በዓይንህ አሳይቼሃለሁ! ወይስ ሠፊው ሕዝብ ቆዳ የለውም?»

ደመቀ ሳይታወቀው እጁን ኪሱ ከተተ። አያ ነጋ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ይህ ጎልማሳ ምነው እጁን ሸሸገ? እንግዲያስ እኔም አልቀባም። አንዱን እግሬን ለዚች ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ይኸኛው መሄጃዬ ነው» አሉና እግራቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሰበሰቡ።

ፎቶ አንሺው አንድም ፎቶ ሳያነሳ ወጣ። የዓለምወርቅን ግን ከሰዓት በኋላ «ፀረ አብዮት» ብለው ወሰዷት። ላቦራቶሪው ታሸገ፤ መብራቱም ተቆረጠ።

ጥምቀት ሲቃረብ ተፈታች። አያ ነጋ በቀድሞው መድኃኒት ድነው፣ በምርኩዛቸው አገራቸው ገብተዋል አለቻት እናኑ። ቅባቱስ? መኪና መጥቶ ጫነው፤ ወዴት እንደሄደ የሚነግራት አጣች። የማን እግር ላይ ይሆን?

ማሸጊያውን ቀድዳ ስትገባ ክፍሉ ገምቷል። ቆዳውን በምታቆይበት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ የነበረው ሁሉ በስብሷል። ደመቀን እየረገመች ሳህኖቹን አጠበች፣ ቀቀለች፣ ደረደረች። ከዚያ ፊቷ እንደ ጠቆረ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሄዳ በሩን አንኳኳች።

«ዛሬ የሚቆረጥ እግር አለ?» አለችው ሐኪሙን። «ሕመምተኛውን አናግሬው ልምጣ።»