ምንም የሌለበት ውሃ

ዘንጌ መስኮት አጣቢ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ጫፉ ላይ ብሩሽ የተገጠመለት ረጅም ዘንግ ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲወጣ ሲገባ ስለሚያዩት። ውሃው በዘንጉ ውስጥ ባለ ቀጭን ጎማ ሽቅብ ይወጣና ብሩሹ ላይ ይፈስሳል። ዘንጌ መሬት ላይ እንደቆመ እስከ አራተኛ ፎቅ ያጥባል፤ በጨርቅ አይወለውልም፣ መስኮቱ በራሱ ይደርቃል። ለዚህ ግን ውሃው ተጣርቶ ጨውም ኖራም ያልቀረበት መሆን አለበት። አለዚያ እያንዳንዷ ጠብታ ስትደርቅ ነጭ ነጥብ ትታ ትሄዳለች።

ማጣሪያው ቀርፋፋ ነው። አንድ ሺህ ሊትር ለማጣራት ቀንና ሌሊት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዘንጌ የተጣራውን ጓሮ ባለ ነጭ የፕላስቲክ ታንከር ያጠራቅማል፤ ፀሐይ እንዳያገኘውም በጥቁር ሸራ ይሸፍነዋል።

ሚስቱ አባቷን ወደ ቤት ያመጣቻቸው እናቷ በሞተች በስድስተኛው ወር ነው። አባባ አርባ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ነገር ሊያነሱ እጃቸውን በዘረጉ ቁጥር ልጃቸው «ይረፉ እንጂ አባዬ» ትላቸዋለች። እሳቸውም አረፉ፤ ማረፍ ማለት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ታንከሩን ሲያዩ መዋል ሆነ። የአማቻቸው ሥራ ብዙም አልገባቸውም። ምንም የሌለበት ውሃ የሚባለውን ነገር ለጎረቤት እያወሩ ይስቁበት ነበር።

አንድ ሰሞን ዘንጌን ወገቡ ጣለውና አሥር ቀን ተኛ። በሁለተኛው ቀን ነፋስ ሸራውን ገፈፈው፤ ማንም ልብ አላለውም። በስምንተኛው ቀን አባባ ታንከሩ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አዩ። በሽታውን ያውቁታል፤ በሥራ ዘመናቸው ስንቱን ታንከር አክመዋል። ልጃቸው ሥራ ሄዳለች፣ የታመመ ሰው መቀስቀስ ደግሞ አሳዘናቸው። ከመታጠቢያ ቤት ሁለት ጠርሙስ በረኪና አምጥተው ገለበጡበት። ጎደል ብሎ ስለነበርም ከቧንቧ ሞሉት። በማግስቱ አረንጓዴው ጠፋ፤ ሸራውን መልሰው አለበሱት። ያን ቀን እራታቸውን ጥርግ አድርገው በሉ። ለማንም አልተናገሩም፤ ሊደብቁት ፈልገው ሳይሆን፣ ሊወራ የሚገባው ነገር አልመስል ብሏቸው ነው።

ዘንጌ ከተኛበት ተነስቶ መጀመሪያ የሄደው አንድ ክሊኒክ ነው። አራት ፎቅ፣ መቶ አርባ መስኮት። ሐሙስ እንግዶች ስለሚመጡ አስተዳዳሪዋ ከዚያ በፊት እንዲያልቅ ነግራዋለች። ማክሰኞ ጠዋት ውሃውን ወደ መኪናው ሲቀዳ የቀረ ጨውና ኖራ ካለ በቁጥር የሚያሳየውን መለኪያ ነክሮ ማየት ነበረበት። ሁልጊዜ ያደርገዋል። ያን ቀን ሐሳቡ ወገቡ ላይ ነበርና ረሳው።

የመጨረሻውን ጎን እያጠበ ሳለ አስተዳዳሪዋ ወደ ፊት ለፊት ጠራችው። በዚያ በኩል ያሉት መስኮቶች ደርቀዋል፤ ሁሉም ኩፍኝ የወጣባቸው ይመስላሉ። ይሄ ታጥቦ ነው ወይስ ገና ነው ብላ ጠየቀችው። ዘንጌ መለኪያውን አውጥቶ ውሃው ውስጥ ነከረ። ዜሮ ማለት የነበረበት ሁለት መቶ ሰማንያ አለ።

ቤት ገብቶ የታንከሩን ክዳን ሲከፍት ሽታው ነገረው። ሚስቱን ጠየቃት፤ አልነካሁም አለችው። ከዚያ ሁለቱም ወደ በረንዳው ዞሩ። ሚስቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዳይነግራቸው ለመነችው፤ ማጣሪያው ተበላሸ እንበላቸው አለች። ዘንጌም እሺ ሊል ነበር። ግን አባባ ሰምተዋል።

«እኔ ነኝ የጨመርኩበት» አሉ። «አረንጓዴ ሆኖ ነበር።»

«ምንም አይደል፣ አባባ።»

«ስንት መስኮት ነው?»

«መቶ አርባ።»

«በል ጥፋቴን አስረዳኝ» አሉ አባባ። «እንደ ሽማግሌ አታባብለኝ። እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ንገረኝ።»

ዘንጌ ማንቆርቆሪያውን አምጥቶ ውስጡ የተጋገረውን ነጭ ነገር አሳያቸው። አባባ ያንን ኖራ ከቧንቧ ሲፍቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም።

አዲስ ውሃ ለማጣራት ጊዜ ስላልነበረ ረቡዕ በማለዳ ሁለቱም ባልዲና ጨርቅ ይዘው ወጡ። ልጃቸው በር ላይ ቆማ «ይረፉ» ልትል ጀምራ መንገዱን ለቀቀችላቸው። ዘንጌ የላይኞቹን ከውስጥ እየከፈተ ወለወለ፤ አባባ ምድር ቤት ያሉትን ያዙ። ሠላሳ ስድስት መስኮት ብቻቸውን ጨረሱ። ዘንጌን ግን ወገቡ እንደገና ያዘውና አራተኛው ፎቅ ከነነጠብጣቡ ቀረ። እንግዶቹ ሐሙስ መጥተው ሄዱ፤ ቀና ብለው ይዩ አይዩ አልታወቀም። በሚቀጥለው ወር ክሊኒኩ ሌላ አጣቢ ቀጠረ።

አባባ በዚያው ሰሞን ለታንከሩ ብርሃን የማይገባበት የቆርቆሮ ቤት ሠሩለት። ቁልፉን ራሳቸው ያዙ። ጠዋት ጠዋት ውሃውን ለክተው ቁጥሩን ቁርስ ላይ ይናገራሉ። አንድ ቀን ዘጠኝ አሉ። ዘንጌ ከአሥር በታች ከሆነ ነጥብ አይተውም ብሎ ሊነሳ ሲል ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

«ዛሬ አትወጣም» አሉት።

ዘንጌ በዚያ ቀን መስኮቱን ሊያጥብለት ለነበረው ጥርስ ሐኪም ደውሎ ነገ እመጣለሁ አለው። ተበሳጭቷል። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጓሮ ቁጭ ብለው ማጣሪያውን ፈትተው አጸዱ።